የሱዳኑ ገጽ ፎቶ

ልጄ የመጽሔት ዲዛይን ትማራለች። ለትምህርቷ ስለ ዓሊያችን ያዘጋጀችውን አሳየችኝ። የሱዳኑ ገጽ ላይ ግንባራቸው ላይ ቁጥር የተለጠፈባቸው ልጆች በትልቁ ወጥተዋል። «ይሄ እኮ የሱዳን አይደለም» አልኳት።

ዘመቻ ሙሴ ከኖቬምበር 1984 እስከ ጃንዋሪ 1985 እ.ኤ.አ. በምስጢር የተካሄደ ነው። ሰው ከካምፕ በሌሊት በአውቶቡስ ወደ ካርቱም ይወሰድ ነበር። ስለዚህ የዚያ መንገድ ፎቶ ጥቂት ነው። ዘመቻ ሰለሞን ግን ሜይ 1991 ነው፤ በ36 ሰዓት ገደማ ከ14,000 በላይ ሰው ከአዲስ አበባ መጣ። ቁጥሩ የተለጠፈው ያኔ ነው፤ ብዙ ካሜራም ነበር። ዛሬ ስለ ሱዳንም ሲጻፍ ያው የ1991 ፎቶ ይለጠፋል።

«ታዲያ ገጹ ባዶ ይሁን?» አለችኝ። በመንገድና በካምፕ የቀሩት ወገኖቻችን 4,000 ያህል ናቸው ይባላል፤ አብዛኞቹ አንድም ፎቶ የላቸውም። የሌላ ሰው ፊት ሲገባበት የእነሱ አለመኖር እንኳን አይታይም።

ፎቶውን አወጣችው። በቦታው ከቤተሰባችን ሱዳን የቀሩትን ስም ጻፈች፤ ዙሪያውን ባዶ ተወችው።

እናንተም ቤት ያለው ፎቶ ጀርባ ላይ ማን፣ የት፣ መቼ እንደሆነ ጻፉበት። ሽማግሌዎቹ እያሉልን ጠይቁ።