ካሴቱ አለ፣ ጨዋታውስ?

ዛሬ “ሰንጠረዥ” ሲባል ወደ አእምሯችን የሚመጣው የፕሪሚየር ሊጉ የደረጃ ሰንጠረዥ ነው። ወይም ደግሞ መሥሪያ ቤት ስንሄድ የሚያስሞሉን ያ ባለ አምስት ዓምድ ቅጽ። በአያቶቻችን ዘመን ግን ሰንጠረዥ ጨዋታ ነበር፤ ነገሥታትና መኳንንት ቁጭ ብለው የሚፎካከሩበት የራሳችን ቼዝ። ዐፄ ልብነ ድንግል ቢቺኒ ከሚባል የቬኒስ ሰዓሊ ጋር ሰንጠረዥ ይጫወቱ እንደነበር ተጽፏል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ትግራይ የመጣው እንግሊዛዊው ሄንሪ ሶልትም፣ የራስ ወልደ ሥላሴ ትልቁ መዝናኛ ይኸው ጨዋታ መሆኑን መዝግቦ ሄዷል።

አጨዋወቱ ዛሬ ከምናውቀው ቼዝ ይለያል። ሰሌዳው ጥቁርና ነጭ አልነበረም፤ በቀይ ጨርቅ ላይ ጥቁር ጥብጣብ አግድምና ቁልቁል ይዘረጋና 64 ቤት ይወጣለታል። ጨዋታው ሲጀመር ተራ መጠበቅ ብሎ ነገር የለም። አንድ ጠጠር እስኪበላ ድረስ ሁለቱም እጃቸው የፈጠነውን ያህል ያንቀሳቅሳሉ። ይህን ክፍል “ወረራ” ይሉታል። ነገሩ በተራ በተራ የሚሆነው ከዚያ ወዲያ ነው። በፈረስ ማሸነፍ ብዙም አያስመሰግንም ነበር፤ በደካማ ጠጠር ንጉሡን መያዝ ነው ጉብዝናው። ተመልካቹም ዝም ብሎ አያይም፣ እየጮኸ ይመክራል።

ታዲያ ይህ ሁሉ የት ገባ? ከጣልያን ወረራ ወዲህ ተጫዋቾቹ ተመናመኑና ጨዋታው ጠፋ። ሪቻርድ ፓንክረስት እ.ኤ.አ. በ1971 ታሪኩንና ሕጉን ጽፈው ባያስቀምጡልን ኖሮ፣ እኔም ከላይ ያለችውን አንቀጽ መጻፍ ባልቻልኩ። ጨርቁ ከነጠጠሩ አንድ ሣጥን ውስጥ ቢገኝ እንኳ ምን ልናደርገው ነው? “ወረራ”ን የሚያውቅ ሰው ከሌለ ጨርቁ ጨርቅ ነው፣ ጠጠሩም ጠጠር።

ገበጣን ደግሞ እዩት። በመጠራና በየሓ ድንጋይ ላይ ተፈልፍለው የተገኙትን የገበጣ ጉድጓዶች አርኪዮሎጂስቶች የ6ኛውና የ7ኛው ክፍለ ዘመን ናቸው ይላሉ። ያ ጨዋታ ዛሬም አለ። ለምን ቢባል፣ መሣሪያ አይመርጥም። እንጨት ካለ በእንጨት፣ ከሌለ አፈር ላይ ጉድጓድ ጭሮ ጠጠር መልቀም ነው። ባለ ሁለት ረድፉ አለ፣ ከአፍሪካ ቀንድ ውጭ እምብዛም የማይታወቀው ባለ ሦስት ረድፉም አለ። ፓንክረስት በዚያው ዓመት ይህንንም ከየአካባቢው ለቃቅመው አሳትመዋል። (እኚህ ሰው ለጨዋታ የነበራቸው ትዕግሥት ይገርመኛል። እኛ “የልጅ ነገር” ብለን የምንተወውን እሳቸው ቁጭ ብለው ይጠይቁ ነበር።)

ይህን ሁሉ ማንሣቴ ስለ መኳንንት ላወጋችሁ ብዬ አይደለም። ስለ ቢቸናና ስለ ሞጣ የጌም ቤቶች ነው።

“በስማም! ደግሞ ጌም ታሪክ ሆነ?” የምትሉ እንዳላችሁ አውቃለሁ። ስለ ምሥራቅ ጎጃም የሚጻፍ ከሆነ ስለ በላይ ዘለቀ፣ ስለ ዲማ ጊዮርጊስ፣ ስለ ቅኔው ይጻፍ እንጂ! ልክ ናችሁ፤ ስለ እነሱ ተጽፏል፣ ወደፊትም ይጻፋል። ቢቸና ተወልዶ ያደገ፣ ሞጣ ያስተማረ ሰው ግን አንድ የሚያውቀው ነገር አለ። በ1990ዎቹ (በእኛ አቆጣጠር) የእነዚህ ከተሞች ልጆች ከትምህርት ቤት ሲወጡ የሚሮጡት ወደ ቅኔ ቤት አልነበረም።

የሚሮጡት ግድግዳው በጭቃ ወደተለሰነች፣ በሯ ላይ መጋረጃ ወደተንጠለጠለባት አንዲት ክፍል ነው። ውስጥ 14 ኢንች ቴሌቪዥን፣ ሁለት አግዳሚ ወንበር፣ አንድ ቲቪ ጌም። ሃምሳ ሳንቲም የያዘ ይጫወታል፤ ያልያዘ ከኋላ ቆሞ ይመክራል። ካሴቱ እንቢ ሲል ይነቀልና ሆዱን እፍ ይሉታል፤ እንደገና ይሰካል። እፍታው ይረዳ አይርዳ አልተረጋገጠም፣ የትንፋሽ እርጥበት ብረቱን ያዝገዋል የሚሉም አሉ። በጊዜው ግን እፍ ማለት የሚችል ልጅ እንደ መካኒክ ይከበር ነበር።

መሣሪያው ከየት መጣ? ኔንቲዶ የተባለው የጃፓን ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1983 ፋሚኮም የሚባል የቤት ውስጥ ማጫወቻ አወጣ። ብዙ ሳይቆይ እሱን የሚመስሉ ርካሽ ቅጂዎች በእስያ ተፈልፍለው ድሃውን ዓለም አጥለቀለቁት። እኛ ዘንድ የደረሰው ቅጂው ነው። ካሴቱ ላይ “9999999 ጨዋታ” ተብሎ ይጻፍበታል፤ ስትቆጥሩት ከጥቂት ደርዘን አያልፍም፣ ሌላው የዚያው ድግግሞሽ ነው። ማሪዮ፣ ታንኩ፣ ኮንትራ፣ ዳክዬዋ... በአጭሩ የዓለም ልጆች በሙሉ የተጫወቱትን ነው የቢቸና ልጅም የተጫወተው፤ ያውም ብዙ ዓመት ዘግይቶ።

አሁን ወደ ችግሩ እንምጣ። ዳክዬ የሚመታበት ሽጉጥ ትዝ ይላችኋል? ቃታውን ስትስቡ ቴሌቪዥኑ ለቅጽበት ይጠቁራል፤ ወዲያው ዳክዬዋ በነበረችበት ቦታ ነጭ አራት ማዕዘን ብልጭ ይላል። ሽጉጡ የሚተኩሰው ነገር የለም። አፈሙዙ ውስጥ ብርሃን የምታይ ትንሽ ዓይን አለች፤ ብልጭታዋን ካየች “ተመታ” ትላለች፣ ካላየች ውሻው ይስቅብናል። ይህ ሁሉ የተሰላው ጀርባው ላበጠው ለድሮው ቴሌቪዥን ነው። በዛሬው ስስ ቴሌቪዥን ላይ ምስሉ ጥቂት ዘግይቶ ስለሚመጣና ብርሃኑም በሌላ መንገድ ስለሚሠራ ሽጉጡ ዕውር ነው። ማጫወቻው ደኅና፣ ካሴቱ ደኅና፣ ሽጉጡም ደኅና! ዳክዬዋ ግን አትሞትም። ጨዋታው የተበላሸው አጠገቡ ያለ ሌላ ዕቃ ስለተለወጠ ብቻ ነው።

ነገሩ በጌም ብቻ የመጣ አይደለም። ከ20 ዓመት በፊት በኮምፒውተር የጻፋችሁትን የአማርኛ ደብዳቤ ዛሬ ክፈቱት እስቲ። ዩኒኮድ ሳይለመድ በፊት በየራሱ ፎንት የተጻፈ ከሆነ፣ “ለክቡር ሥራ አስኪያጅ” ያላችሁት ጉራማይሌ የላቲን ምልክት ሆኖ ይጠብቃችኋል። ፋይሉ ግን አልጠፋም፤ የጠፋው አንባቢው ነው።

በሠለጠነው ዓለም ለዚህ የተገኘው መላ ኢሙሌተር ይባላል። አዲሱን ኮምፒውተር “አንተ አሁን ያ አሮጌው ማሽን ነህ” ብሎ የሚያሳምን ፕሮግራም ነው። አሮጌው ጨዋታ አዲስ ቤት መግባቱን ሳያውቅ ይሠራል። ማሜ የተባለው የዚህ ሥራ ፈር ቀዳጅ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1997 ነው፤ በሺህ የሚቆጠሩ የድሮ የመዝናኛ ቤት ጨዋታዎችን ከሞት መልሷል።

ለሞጣ ሰው ይህን ለማስረዳት ብዙ መድከም አያስፈልግም። ወደ ዓባይ ወርዶ ሰባራ ድልድይን ያየ ያውቀዋል። በዐፄ ፋሲል ዘመን የተሠራው ድልድይ በጣልያን ወረራ ጊዜ መሐሉ ተቆርጦ ቀረ። ለስንት ዓመት ሰው ወገቡን በገመድ ታስሮ ከጎጃም ወደ በጌምድር እየተጎተተ ተሻገረ። እ.ኤ.አ. በ2002 የተቆረጠው ክፍል በብረት ተጋጠመ፤ በ2005 ጎርፍ ወሰደው፤ በ2009 ከፍ ብሎ የተንጠለጠለ ሌላ ድልድይ ተሠራ። ድንጋዩ፣ ገመዱ፣ ብረቱ ይለያያል፤ መሻገሩ ግን ያው መሻገር ነው። ኢሙሌተርም እንደዚሁ ነው፣ ድንጋዩን ሳይሆን መሻገሩን ያቆያል። እርግጥ የጥንቱ ድንጋይ ይጠበቅ የሚሉ ሰዎችም አሉ፤ እውነታቸውን ነው። ሁለቱም ያስፈልጋል፣ ሁለቱ ግን አንድ ሥራ አይደሉም።

ፈረንጆቹም ቢሆኑ ጨርሰውታል ብላችሁ እንዳትቀኑ። አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣ ጥናት፣ እዚያ አገር ከ2010 በፊት ለገበያ ከቀረቡት ጨዋታዎች 87 በመቶዎቹ ዛሬ ሱቅ ገብቶ የሚገዛቸው እንደማይገኝ አሳይቷል። ቤተ መጻሕፍት ለተመራማሪ በርቀት እናጫውት ብለው ቢጠይቁ፣ የአገሩ የቅጂ መብት መሥሪያ ቤት በ2024 “አይሆንም” አላቸው። መጽሐፍ ማዋስ ይቻላል፣ ጨዋታ ማዋስ ግን ነውር ነው እንደማለት። የእኛም አዋጅ ቁጥር 410/1996 የኮምፒውተር ፕሮግራምን ጥበቃ ከሚደረግላቸው ሥራዎች ይቆጥረዋል። መልካም ነው። ባለቤቱ የረሳውንና ገበያ ላይ የሌለውን ሥራ ማን ያቆየው የሚለው ጥያቄ ግን እኛ አገር ገና የሸንጎ ወግ አልሆነም።

ከቲቪ ጌም በኋላ ፕሌይስቴሽን መጣ፤ ጌም ቤቶቹም “ፕሌይስቴሽን ቤት” ተባሉ። ሶኒ ፕሌይስቴሽን ሁለትን እ.ኤ.አ. በ2000 አውጥቶ በ2013 ማምረቱን አቆመ። ዊኒንግ ኢለቨን ይባል የነበረው ኳስ ስሙን እየቀያየረ መጥቶ በ2021 ኢፉትቦል ሆነ፣ ከኩባንያው ኮምፒውተር ጋር በኢንተርኔት እየተገናኘ የሚሠራ። ከዚህ ወዲያ ያለው ነገር ያሳስበኛል። የድሮውን ካሴት ቢያንስ እጃችን ላይ ይዘን እፍ እንለው ነበር። የአዲሱ ጨዋታ ነፍስ ያለችው ባሕር ማዶ ነው፤ ባለቤቱ ማሽኑን ያጠፋ ዕለት ቢቸና የቀረው ዕቃ ምንም አይፈይድም።

እንግዲህ የእኔ ነገር እዚህ ላይ ነው። ኮንትራን የሚያድን ሰው አይጠፋም፤ ጃፓንም አሜሪካም ተሟጋች አለው። ዛሬ ማታ በስልካችሁ ፈልጋችሁ ልትጫወቱት ትችላላችሁ። የቢቸናን ኮንትራ ግን ማን ያድነዋል? የቢቸናው ኮንትራ እኮ ሌላ ጨዋታ ነው! ሰማያዊው ሰውዬ “አለቃ”፣ ቀዩ “ምክትል” ይባላሉ። ሦስተኛው ምዕራፍ ላይ ፏፏቴ አለ፤ አንዱ ቶሎ ቶሎ ሲወጣ ስክሪኑ አብሮት ይወጣና ከታች የቀረው ይሞታል። ይህን ፕሮግራሙ ነው የሚያደርገው። ጓደኛውን ትቶ የወጣ ግን ጆይስቲኩን ለቀጣዩ ተረኛ ያስረክባል የሚለው ሕግ ከጃፓን የመጣ አይደለም፤ አግዳሚው ወንበር ላይ የተደነገገ ነው። ፏፏቴው ደግሞ “ጢስ ዓባይ” ነበር ስሙ፤ ሌላ ስም ይኖረዋል ብሎ ያሰበም የለም።

ከኋላ ቆመው የሚመክሩት ልጆችስ? በሰንጠረዡ ዙሪያ እየጮኹ ይመክሩ ከነበሩት ሰዎች በምን ይለያሉ? ኢሙሌተር እነሱን አይመልስም። የሚመልሳቸው ፓንክረስት ያደረጉት ነገር ነው፤ ቁጭ ብሎ መጠየቅ፣ መጻፍ። ያውም ጊዜው አላለፈም። ሰንጠረዥ ሲጻፍ አዋቂዎቹ ሊያልቁ ምንም አልቀራቸውም ነበር። የጌም ቤቱ ትውልድ ግን ዛሬ ጎልማሳ ነው፤ ባጃጅ ይነዳል፣ ባንክ ይሠራል፣ ሲቪክስ ያስተምራል። አንድ የታሪክ መምህር አሥር ተማሪ ይዞ “አባታችሁን ምን ትጫወት ነበር፣ ሕጉስ እንዴት ነበር በሉት” ቢል፣ በአንድ ሴሚስተር ደህና ደብተር ይሞላል። ጌም ቤት ያልገቡትንም ቢያክልበት ጥሩ ነው። ሴቶቹን ማለቴ ነው፤ በዚያ መጋረጃ ውስጥ ሴት ልጅ አይቼ አላውቅም። እነሱ በዚያን ሰዓት ምን ይጫወቱ ነበር? የኖኪያ ስልክ መጥቶ እባቧ እጃቸው እስክትገባ ድረስ ያለው ዘመን የማንም ደብተር ላይ የለም።

ስጠይቅ የመጀመሪያው ጥያቄዬ የመብራቱ ጉዳይ ነው። ኳሱ 80ኛው ደቂቃ ላይ ደርሶ፣ አንዱ 2 ለ 0 እየመራ መብራት ሲሄድስ? በቢቸና ሕግ መብራት ሲመጣ ከዜሮ ይጀመራል፣ ገንዘቡም በድጋሚ አይከፈልም። ሞጣ ስደርስ ግን ውጤቱ ይጸድቃል፣ የተመራው ይከፍላል አሉኝ። እንዴት ይሆናል ብዬ የሞጣ ተማሪዎቼን ብሞግታቸው፣ “ጋሼ፣ መብራት የሄደው በእኛ ጥፋት ነው እንዴ?” አሉ። የቢቸና ልጆችም ሕጋቸውን ሲያስረዱ የሚሉት ቃል በቃል ይህንኑ ነበር።