ጥቅሻ ያልሆነ ጥቅሻ

በአማርኛችን ፊት ብዙ ሥራ አለው። ለወደድነው ፊት እንሰጣለን፤ ለጠላነው ፊት እንነሳለን፤ ስንከፋም ፊታችን ይጠቁራል። ዓይንም ሳይናገር ይናገራል፤ አንዱን ጨፈን አድርጎ የጠቀሰ ሰው ምሥጢር ልኳል ማለት ነው። ታዲያ ጎርሶ ባኘከ፣ አፉንም ለወሬ በከፈተ ቁጥር አንድ ዓይኑ የሚጨፈንበት ሰው ከፊታችን ቢቀመጥ ምን እንላለን? ጠቀሰን እንላለን። እርሱ ግን ማንንም አልጠቀሰም።

የዚህ ሕመም ታሪክ ከአንድ ሠዓሊ ሐኪም ስም ጋር የተያያዘ ነው። ቻርለስ ቤል እ.ኤ.አ. በ1774 በኤድንበርግ ተወለደ። በ1806 የፊት ጡንቻዎች ስሜትን እንዴት እንደሚገልጹ ለሠዓልያን የሚያስረዳ መጽሐፍ አሳተመ፤ በ1815 ከዋተርሉ ጦርነት በኋላ ቁስለኞችን አክሞ ሥዕላቸውን ሠራ። በ1821 ደግሞ ስለ ፊት ነርቮች ያደረገውን ጥናት ለለንደኑ ሮያል ሶሳይቲ አቀረበ። ድንገት ግማሽ ፊትን ሽባ የሚያደርገው ሕመም ዛሬም በእርሱ ስም ይጠራል፤ ምንም እንኳ ሐኪሙ አል ራዚ ከዘጠኝ መቶ ዓመታት በፊት ስለ ፊት ሽባነት ጽፎ የነበረ ቢሆንም።

ቤል የሰው ፊት ስሜቱን እንዲገልጥ ከፈጣሪ የተሰጠው መሣሪያ ነው ብሎ ያምን ነበር። ፈረንሳዊው ሐኪም ዱሼን ደግሞ በ1862 ባሳተመው ሥራው የፊት ጡንቻዎችን በኤሌክትሪክ እያንቀሳቀሰ ፎቶግራፍ አነሣ። ከንፈርን በፈቃድ መሳብ ይቻላል፤ በዓይን ዙሪያ ያለው ጡንቻ ግን የሚታዘዘው ለእውነተኛ ደስታ ነው አለ። እውነተኛው ፈገግታ እስከ ዛሬ በስሙ ይጠራል።

ሁለቱም ያመኑት ፊት እንደማይዋሽ ነው። በቤል ስም የተጠራው ሕመም ግን ይህን እምነት ይፈትናል። የፊት ነርቭ ከጆሮ በታች ከራስ ቅል ወጥቶ ወደ ግንባር፣ ወደ ዓይን፣ ወደ ጉንጭ፣ ወደ ከንፈርና ወደ አንገት ይከፋፈላል። አብዛኞቹ ሕመምተኞች በሚገባ ይድናሉ። ነርቩ ክፉኛ ሲጎዳ ግን ክሮቹ በቀን አንድ ሚሊ ሜትር ያህል እንደገና ያድጋሉ፤ አንዳንዶቹም መንገድ ይስታሉ። ለከንፈር የታሰበው ክር ከዓይን ሽፋን ይደርሳል። ከወራት በኋላ አእምሮ «ሳቅ» ብሎ ሲያዝ ዓይን ይጨፈናል። የምራቅ ዕጢ ክሮች ወደ እንባ ዕጢ ከሄዱም ሰውየው ሲበላ ያለቅሳል፤ ሩሲያዊው ቦጎራድ በ1928 ይህን «የአዞ እንባ» ብሎ ሰየመው። የአዞ እንባ ደግሞ የግብዝ ልቅሶ ስም ነው። ሕመምተኛው ግን ግብዝ አይደለም፤ እራቱን እየበላ ነው።

ዛሬ ከመስታወት ፊት በዝግታ የሚደረግ ልምምድና በጥቂት መጠን የሚወጋ ቦቱሊነም መድኃኒት ሽፋኑን ያላላሉ። የመድኃኒቱ ውጤት የሚቆየው ግን ለጥቂት ወራት ነው። ከዚያ በኋላ እንደገና መወጋት ያስፈልጋል።

የሚከብደው ሌላ ነው። ይህ ሰው በጨዋነት ብቻ ፈገግ ሲል ዓይኑ ይጠባል፤ ዱሼን ቢያየው እውነተኛ ደስታ ነው ባለ። ከልቡ ሲደሰት ደግሞ የደነደነ ጉንጩ ፈገግታውን ይይዘዋል፤ ሰውም ኮስታራ ይለዋል። ስለዚህ ፎቶግራፍ ሲነሣ ፊቱን ያዞራል፤ በግብዣ ላይ አፉን በእጁ ይሸፍናል፤ ውሎ አድሮም መሳቅ ይተዋል። ነርቩ የወሰደበት ግማሽ ፈገግታውን ነበር፤ የቀረውን የወሰድንበት እኛ ነን፣ በአተያያችን።

ፊት ማንበብ የለመድን ሰዎች ነንና ልማዱን በአንድ ጊዜ አንተወውም። ቢያንስ ግን የጠቀሰን ሲመስለን፣ ከመፍረዳችን በፊት አፉ የሚለውን እንስማ።