ከነፋስ ስልክ እስከ ማግኔቱ ክፍል

ያለ ሽቦ የሚጓዘውን መልእክት የቀድሞ ሰዎች «የነፋስ ስልክ» አሉት፤ በደቡብ አዲስ አበባ የሚገኘው ንፋስ ስልክም ስሙን የወረሰው ከዚሁ ነው። ዓይን ያላየውን ኃይል ቢያንስ ስም ሰጡት።

ዛሬ በከተማችን ሌላ የማይታይ ኃይል አለ። እ.ኤ.አ. በ1977 የሰውን ገላ ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ያሳየው ኤም አር አይ የሚሠራው በራዲዮ ሞገድና በብርቱ ማግኔት ነው። የተለመደው የ1.5 ቴስላ ማግኔት ከምድራችን መግነጢሳዊ ኃይል 30,000 ጊዜ ያህል ይበረታል። ምርመራው ቢያልቅም፣ መብራት ቢጠፋም ማግኔቱ አያንቀላፋም።

እ.ኤ.አ. በ2001 በኒው ዮርክ ግዛት አንድ የስድስት ዓመት ሕፃን፣ በ2018 ደግሞ በሙምባይ አንድ ጠያቂ ዘመድ በዚህ ክፍል አደጋ ደርሶባቸው ሞቱ። በሁለቱም ጊዜ ማግኔቱ የሳበው የኦክስጅን ሲሊንደር ነበር። እስትንፋስ ሊሰጥ የገባው ብረት ነፍስ ነጠቀ።

በእኛ አገር ብረቱ የሚፈለገው በኪስና በአንገት ብቻ አይደለም። የጦር ሜዳ ፍንጣሪ በገላው ይዞ የተመለሰ ወታደር አለ፤ ብረት ሲቆርጥ ብናኝ ዓይኑ ውስጥ የቀረበት ሠራተኛም አለ። ቁስሉ ሽሮ፣ ነገሩ ተረስቶ ይሆናል፤ ብናኙ ግን በማግኔቱ ተስቦ ከቦታው ቢነቃነቅ ዓይን ሊያጠፋ ይችላል።

አንባቢ ሆይ፣ በበሩ ላይ «በሰውነትዎ ውስጥ ብረት አለ?» ተብለው ሲጠየቁ የተጠየቁት የኖሩትን ታሪክ ነው። ረጋ ብለው ያስታውሱ፤ የቆየውንም ሳይደብቁ ይንገሩ።