ሐይቅ፦ ደሴቱ እንዴት የብስ ሆነ?

ከደሴ ወደ ወልዲያ በሚሄድ ሚኒባስ ከተሳፈራችሁ፣ ሠላሳ ኪሎ ሜትር ገደማ እንደሄዳችሁ ረዳቱ «ሐይቅ ወራጅ!» ይላል። ከተማዋ የራሷ ስም የላትም፤ የውሃውን ተውሳ ነው የምትኖረው። ብዙዎቻችን አሳ በልተን፣ ፎቶ ተነሥተን እናልፋታለን። እኔም ለዓመታት እንደዚያው ነበርኩ።

የአገሬው ሰው ስለ ውሃው አፈጣጠር የሚያወራው ተረት አለ። ድሮ ቦታው ሜዳ ነበር። አንዲት ልዕልት አንዲት ነፍሰ ጡር ሴትን በደለች። እግዚአብሔር ተቆጣ፤ ልዕልቲቱንና ዘመዶቿን ምድሪቱ ውሃ ሆና ዋጠቻቸው። የተረፈው ነፍሰ ጡሯ የተቀመጠችበት መሬት ብቻ ነው፤ ያም ደሴት ሆነ። ደሴቱ ላይ የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ተመሠረተ። ዛሬ ወደዚያ ገዳም ሴት አትገባም። ተረቱንና ሥርዓቱን ጎን ለጎን ያስቀመጠ ሰው ፈገግ ማለቱ አይቀርም።

የገዳሙ ታሪክ ከከተማዋ ታሪክ በላይ ተጽፏል። አባ ኢየሱስ ሞዓ ከደብረ ዳሞ ተነሥተው እ.ኤ.አ. በ1240ዎቹ እዚህ መጡ፤ ቦታውንም ትምህርት ቤት አደረጉት። አቡነ ተክለ ሃይማኖት ከተማሩባቸው ገዳማት አንዱ ይህ ነው። ኢየሱስ ሞዓ ለገዳሙ ያበረከቱት የአራቱ ወንጌል ብራና እ.ኤ.አ. ከ1280/81 የሚቆጠር ሲሆን፣ በዚሁ መጽሐፍ ውስጥ የገዳሙ መጻሕፍት ዝርዝር ተመዝግቧል። ሰማንያ አምስት! በዚያ ዘመን ለአንድ ገዳም ይህ ትልቅ ሀብት ነው።

ፖለቲካውም እዚሁ አለ። ይኩኖ አምላክ እ.ኤ.አ. በ1270 ከዛጔ መንግሥቱን ሲረከብ ከጎኑ የቆመው መነኩሴ ማን ነበር? ሕዝቡ የሚያውቀው «ተክለ ሃይማኖት» የሚለውን መልስ ነው። የታሪክ ምሁሩ ታደሰ ታምራት ግን ቀዳሚው የሐይቁ ኢየሱስ ሞዓ እንደነበሩና የደብረ ሊባኖስ ትውፊት ታሪኩን በኋላ ወደ ራሱ እንደወሰደው ተከራክረዋል። እኔ የታደሰ ክርክር ያሳምነኛል። የሐይቅ አበምኔት «ዐቃቤ ሰዓት» ተብሎ በቤተ መንግሥት ትልቅ ቦታ የነበረው በከንቱ አይደለም። ትልቁ ገዳም ትንሿን ከተማ ሲጋርዳት፣ ይበልጥ ገናና የሆነ ሌላ ገዳም ደግሞ ትልቁን ገዳም ጋረደው ማለት ነው።

አሁን ወደ ውሃው እንምጣ፤ የሚያሳስበኝ እሱ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1520 የመጣው የፖርቱጋል መልእክተኞች ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ሐይቁን አይቶ ጽፏል። ገዳሙ ደሴት ላይ ነበር፤ መነኮሳቱ የሚመላለሱት ማዕዘኑ ላይ ቅል በታሰረበት የደንገል ታንኳ ነው። በውሃው ውስጥ ጉማሬ ነበረ። ከአሥር ዓመት ገደማ በኋላ የኢማም አሕመድ ሠራዊት ደረሰ። የዘመቻው ጸሐፊ ዓረብ ፈቂህ እንደሚተርከው፣ ሠራዊቱ ውሃውን ለመሻገር ታንኳ መሥራት ነበረበት፤ የገዳሙም ወርቅ ተወሰደ። ውሃው ያኔ የገዳሙ አጥር ነበር ማለት ነው።

ዛሬ አጥር የለም። ወደ ገዳሙ በእግር ይኬዳል። ውሃው ሸሽቶ ደሴቱ ከየብስ ጋር ተያይዟል፤ ጉማሬውም የለም። ይህን ያህል ነገር ሲሆን ማንም ዜና መዋዕል አልጻፈለትም። ነገሥታቱ መቼ እንደመጡ እናውቃለን፤ ውሃው መቼ እንደሄደ የጻፈልን የለም።

ሐይቁ ትንሽ ነው፤ ስፋቱ 23 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ጥልቀቱ ግን 88 ሜትር ተለክቷል። ውሃ ይገባበታል እንጂ በገጸ ምድር የሚወጣበት ወንዝ የለውም። ከተራራው የታጠበ አፈር፣ ከማሳ የመጣ ማዳበሪያ፣ ከከተማ የወረደ ቆሻሻ፣ ሁሉም እዚያው ይቀራል። በ1970 ዓ.ም. ግድም ደግሞ የቆሮሶ አሳ ተጨመረበት። ሐሳቡ ጥሩ ነበር፤ ለብዙ ቤተሰብ እንጀራ ሆነ። ነገር ግን ጥርት ያለ የነበረው ውሃ በኋለኞቹ ዓመታት አረንጓዴ እየሆነ መጣ። ተመራማሪዎች ከሚሰጡት ማብራሪያ አንዱ፣ አዲሱ አሳ አልጌ የሚበሉትን ጥቃቅን እንስሳት ስለበላቸው ነው የሚል ነው። ዳር ዳሩን ደግሞ የመስኖ ፓምፕ አለ፤ ጫቱም አትክልቱም በእሱ ይጠጣል። ገበሬውን ለመውቀስ አይደለም፤ እኔም ብሆን ውሃ አጠገቤ ቆሞ ማሳዬ ሲደርቅ ዝም ብዬ አላይም።

የዚህ አካባቢ ሰው አብሮ መኖርን በቀላሉ አላገኘውም። ከደሴ ወደ ሐይቅ ሲመጣ የሚታለፈው ቦሩ ሜዳ፣ አፄ ዮሐንስ እ.ኤ.አ. በ1878 የሃይማኖት ጉባኤ የጠሩበት ነው፤ ከዚያ በኋላ የወሎ ሙስሊም «ተጠመቅ» ተብሏል። መሐመድ አሊ የኋላው ራስ ሚካኤል የሆኑትም በዚያ ጊዜ ነው። ያን ሁሉ አልፎ ሰው ዛሬ በአንድ ቅሬ ይቀባበራል፤ ሙስሊሙ የክርስቲያኑን ሬሳ ይሸኛል፤ ክርስቲያኑም እንዲሁ። በ2014 ዓ.ም. ጥቅምት ጦርነቱ ወደ ደሴ ሲገፋ፣ ሐይቅም እስከ ኅዳር መጨረሻ በዚያው ውስጥ ነበረች። ከጦርነቱ በኋላ ለቅሶ የተደረሰው በዚሁ በቅሬው ነው።

እንግዲህ ጥያቄዬ ይህ ነው፦ ሬሳ አንድ ላይ የሚያነሣ ቅሬ፣ ውሃንስ አንድ ላይ ሊጠብቅ አይችልም? አሳ አስጋሪው ስለ መረቡ ዓይን ጥበት ሲወቀስ፣ ባለፓምፑ ዘወር ይላል። ባለፓምፑ ሲጠየቅ፣ ከላይ ተራራውን የሚያርሰው ዘወር ይላል። ቢሮው ደግሞ ስብሰባ ይጠራል።

ባለፈው ከከተማዋ ስወጣ አሳ ከምትሸጥ አንዲት እናት ጋር ተቀምጬ ነበር። ተረቱን ታውቂያለሽ ወይ ስላት ሳቀች። «እናቴ ነግራኛለች» አለች። ቢላዋዋን ጨርቅ ላይ ጠርጋ፣ «ደሴቱ ግን እኔ ሳውቀውም በእግር ነው የሚኬደው» አለችና ወደ ቀጣዩ ደንበኛ ዞረች።