የኩላንት ፍሳሽ ፍለጋ (ባገለገለ ፒክአፕ)

የኩላንት ፍሳሽ ፍለጋ የሞተር ማቀዝቀዣ ፈሳሽ የሚያመልጥበትን ቦታ የመለየት ሥራ ነው። ኩላንት በአብዛኛው የውሃና የኤቲሊን ግላይኮል ድብልቅ ነው። ሽታው ጣፋጭ ቢሆንም መርዛማ ስለሆነ፣ የፈሰሰው ሕፃናትና እንስሳት ሳይደርሱበት መጠረግ አለበት።

የግፊቱ ሚና። የራዲያተር ክዳን በተለምዶ 1 ባር ገደማ ግፊት ይይዛል፤ ይህም የውሃን የመፍያ ሙቀት ከ100 ወደ 120 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ያደርሰዋል። አዲስ አበባን በመሰለ ከፍታ ላይ ያለ ግፊት ውሃ በ92 ዲግሪ አካባቢ ስለሚፈላ፣ ያረጀ ክዳን ብቻውን ሞተር ሊያግል ይችላል። ሞተሩ ሳይበርድ ክዳኑን መክፈት ከባድ ቃጠሎ ያስከትላል።

አፈላለግ። ፈሳሹ ወደ ታች ስለሚወርድና ንፋስ ወደ ኋላ ስለሚገፋው፣ መነሻው ብዙውን ጊዜ ከሁሉም በላይና ከሁሉም ፊት ያለው እርጥብ ቦታ ነው። ደርቆ የቀረ ነጭ ወይም ባለቀለም ቅሪትም ይመራል። ካልታየ፣ ሞተሩ በርዶ ሳለ በእጅ ፓምፕ በክዳኑ ላይ የተጻፈው ግፊት ይሞላል፤ የፓምፑ መለኪያ ከወረደ ፍሳሽ አለ።

የተለመዱ ቦታዎች።
- የጎማ ቱቦዎችና ማሰሪያዎቻቸው
- የራዲያተሩ ፕላስቲክ ጫፎች
- የውሃ ፓምፕ፦ ማኅተሙ ሲያልቅ ከሥሩ ካለች ትንሽ ቀዳዳ ያንጠባጥባል
- የጋቢና ማሞቂያ፦ የረጠበ ምንጣፍ፣ ጭጋግ የያዘ መስታወት
- የቴስታታ ጋስኬት፦ መሬት ላይ ጠብታ ሳይታይ ኩላንት ይጎድላል፤ ነጭ ጭስ ወይም ወተት የመሰለ ዘይት ይታያል። እንዲህ ያለ መኪና መነዳት የለበትም።