ማኅደርና ብራና በመንዝ፥ በግሼና በመርሐ ቤቴ

በመንዝ፥ በግሼና በመርሐ ቤቴ አብያተ ክርስቲያናት የቆየ የብራና መጽሐፍ ማደሪያው ማኅደር ነው። ማኅደር በመጽሐፉ ልክ ከቆዳ ይሰፋል፤ ክዳንና ማንገቻም ይደረግለታል፤ ከዚያም በዕቃ ቤቱ ግድግዳ ላይ በተተከለ ኵላብ ይንጠለጠላል። ይህን የቆዳ ዕቃ ያየ እንግዳ፥ መጽሐፍ ለመሸከም ብቻ የተሠራ ይመስለዋል። ነገሩን ለመረመረ ግን፥ የአገሩን አየርና የብራናን ጠባይ የሚያስታርቅ ብልህ ሥራ ሆኖ ይገኛል።

ብራና ቆዳ መሆኑን መዘንጋት አይገባም። የፍየል ወይም የበግ ቆዳ ተነክሮ፥ በእንጨት ተወጥሮና ተፍቆ ይደርቃል እንጂ እንደ ጫማ ቆዳ አይለፋም። ስለዚህ እርጥበት ሲያገኝ ይጠጣል፤ ያብጣል። ደረቅ አየር ሲመታው ደግሞ ይኰማተራል፤ ይጠቀለላል። ይህ እየተመላለሰ ሲደርስበት ከጥላሸት የተዘጋጀው ቀለም ይፈረፈራል። የአየሩ እርጥበት ከመቶ 65 ወይም 70 አልፎ ሲሰነብትም ብራናው ይሻግታል። ከዋንዛ ወይም ከወይራ የሚጠረበው ገበታ ቅጠሉን ተጭኖ እንዳይጠቀለል ሲከለክል፥ ማኅደሩ ደግሞ የውጭው አየር ለውጥ በአንድ ጊዜ ወደ መጽሐፉ እንዳይገባ ያዘገየዋል።

ይህ ጥበቃ በእነዚህ ወረዳዎች ምን ያህል እንደሚያስፈልግ የመሬቱ አቀማመጥ ይመሰክራል። የመንዝ ጓሳ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,200 እስከ 3,700 ሜትር ከፍ ያለ ውርጫም አገር ነው። የመርሐ ቤቴ ምድር ግን እየተቈረሰ እስከ ጀማ ወንዝ ቈላ ይወርዳል። ክረምት ጉም ያለብሳል፤ በጋ ደረቅ ነፋስ ያመጣል። የጓሳ ሣር ክዳን የቤቱን ሙቀትና ብርድ ያለዝባል፤ በግድግዳ መንጠልጠሉም መጽሐፉን ከምስጥ፥ ከአይጥና ከወለል እርጥበት ያድነዋል።

በውጭ አገር ደግሞ የቆየ ሲጋር የሚያከማቹ ሰዎች ልዩ ሣጥን አላቸው። የትንባሆ ቅጠልም እንደ ብራና እርጥበት ይጠጣል፤ ይተፋልም። ሣጥኑ ግን እርጥበቱ ከመቶ 65 እስከ 70 እንዲሆን ውሃ እየተጨመረለት ይጠበቃል፤ በዚያ ልክ ብራና ቢቀመጥ ለሻጋታ ይጋለጥ ነበር። ስለዚህ ለሁሉ የሚስማማ አንድ ሣጥን የለም። በአንድ ነገር ግን ሁለቱ ይተባበራሉ፤ ይኸውም ከፍቶ የሚያይ ጠባቂ ያጣ ሣጥን፥ የቱንም ያህል ያማረ ቢሆን፥ የያዘውን ማበላሸቱ ነው።

የማኅደርም ምስጢር በዚህ ላይ ነው። ቄሰ ገበዙ መጽሐፉን ከማኅደሩ የሚያወጣው ለጥበቃ ብቻ ሳይሆን ለንባብ ነበር። ግብረ ሕማማት በሰሙነ ሕማማት፥ ስንክሳር በየዕለቱ ይነበባል። በተነበበ ቍጥር መጽሐፉ ይናፈሳል፤ የላላው ጥራዝ ይታያል፤ የጀመረው ሻጋታ ሳይስፋፋ ይደረስበታል። የታተመው መጽሐፍ ንባቡን ሲወስድ ግን፥ ብዙ ብራና ክብሩ ሳይጓደል ዐይን አጣ።

ይህም እንደ እሳት የሚያስጮኽ ጥፋት አይደለም። ከመርሐ ቤቴ በስተደቡብ ያለው ደብረ ሊባኖስ በ1523 ዓ.ም. በግራኝ አሕመድ ጦር ሲቃጠል አገር ሰምቶ አዝኗል። በተዘጋ ሣጥን ውስጥ የሚሻግተውን መጽሐፍ ግን ማንም አያለቅስለትም። ዛሬ ሌቦችን በመፍራት ብራናን በብረት ሣጥን ቈልፎ በቆርቆሮ ክዳን ቤት ማስቀመጥ የተለመደ ሆኗል። ቍልፉ ከሌባ ያድን ይሆናል፤ ነገር ግን ቆርቆሮ ቀን ይግላል፤ ሌሊት ይቀዘቅዛል፤ ብረቱም ላብ ያወጣል።

እርግጥ ነው፥ ቃሉን ለማዳን ታላቅ ሥራ ተሠርቷል። እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በ1973 የተጀመረው የኢትዮጵያ የብራና መጻሕፍት ማይክሮፊልም ሥራ ከ9,000 የሚበልጡ መጻሕፍትን በፎቶግራፍ አንሥቷል፤ ከእነዚህም ብዙዎቹ በሸዋ የተገኙ ናቸው። ቅጂዎቹ በአሜሪካ፥ በሚኒሶታ፥ በኮሌጅቪል ይገኛሉ፤ የሸንኮራው ተወላጅ ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌም ብዙ ዘመን በዝርዝራቸው ሥራ ደክመዋል። ይሁን እንጂ ፎቶግራፍ ቃሉን ይይዛል እንጂ ቆዳውን፥ ገበታውንና የባለ እጁን ድካም አይተካም።

እንግዲህ ምን ይደረግ? መድኃኒቱ ብዙ ወጪ የሚጠይቅ አይደለም። ማኅደሩ ሲቀደድ በጣሳና በፕላስቲክ ከመተካት ይልቅ ይጠገን። የብረት ሣጥን ግድ ከሆነ መጽሐፉ በንጹሕ የጥጥ ጨርቅ ተጠቅልሎ፥ ከነማኅደሩ ከመሬት ከፍ ባለ፥ ፀሓይ በማያገኘው ስፍራ ይቀመጥ። በደረቅ ቀን በጥላ ሥር ይከፈት፤ ይታይ፤ የታየበትም ቀን ይመዝገብ። ባለሥልጣኑ ለዚህ ሥራ ጠባቂውን ይደግፍ፤ መምህሩም ተማሪዎቹን ይዞ ሄዶ በካህናቱ ፈቃድ ያስጐብኝ። በአባ ገሪማ ያለው ወንጌል ከ1,300 ዓመት በላይ የኖረው ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ የሚቀበለው ትውልድ ስላላጣ ነው። የመንዝ፥ የግሼና የመርሐ ቤቴ ብራናዎችም ተቀባያቸውን ከእኛ ይጠብቃሉ።