ወይራ ሰፈርና አጠና ተራ፦ ሁለት የዛፍ ስሞች በኮልፌ ቀራንዮ

በአዲስ አበባ ምዕራባዊ ክፍል በሚገኘው የኮልፌ ቀራንዮ ክፍለ ከተማ በዛፍ ስም የሚጠሩ ሁለት የታወቁ ሰፈሮች አሉ፤ ወይራ ሰፈርና አጠና ተራ። ወይራ የኢትዮጵያ ደጋ ጥንታዊ ዛፍ ነው። አጠና ደግሞ ለቤት ሥራ የሚቆረጠው ቀጥ ያለና ቀጭን የባሕር ዛፍ ግንድ ነው። የከተማዋ የእንጨት ታሪክ በእነዚህ ሁለት ስሞች መካከል ያለ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ስትቆረቆር ነዋሪዋ ቤቱን የሚሠራውም ሆነ እንጀራውን የሚጋግረው በአካባቢው ጥድና ወይራ ነበር። ደኑ ብዙም ሳይቆይ ተመናመነ። ቤተ መንግሥቱ እንጨት ሲያልቅበት ሥፍራ መለወጥ በቀደሙት ነገሥታት ዘመን የተለመደ ስለነበር፣ ዐፄ ምኒልክም በ1893 ዓ.ም. ገደማ ከከተማዋ በስተምዕራብ 55 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በምትገኘው አዲስ ዓለም አዲስ መናገሻ ማስገንባት ጀመሩ። ሆኖም ዋና ከተማዋ አልተዛወረችም፤ ለቤተ መንግሥት የታሰበው ሥፍራም የማርያም ቤተ ክርስቲያን ሆነ።

አዲስ አበባን ካስቀሯት ምክንያቶች አንዱ ከአውስትራሊያ የመጣው ዛፍ ነው። ያስገባው የንጉሠ ነገሥቱ አማካሪ የነበረው ፈረንሳዊው ሞንዶን ቪዳዬ እንደሆነ በብዛት ይጠቀሳል፤ ጊዜውም 1887 ዓ.ም. ገደማ ነው። ሕዝቡ ከባሕር ማዶ የመጣውን እንግዳ ባሕር ዛፍ አለው። ዛፉ በጥቂት ዓመታት ለአጠና ይደርሳል፤ ሲቆረጥም ከጉቶው እንደገና ያቆጠቁጣል። ይሁን እንጂ ገና ከጥንቱ ውኃ ይመጣል ተብሎ ተከስሷል። በምኒልክ ዘመን ማብቂያ አብዛኛው ተነቅሎ በእንጆሪ ዛፍ እንዲተካ ታዝዞ ነበር፤ ትእዛዙን የፈጸመ ግን እምብዛም አልነበረም። ክሱ እስከ ዛሬም እልባት አላገኘም፤ ከባሕር ዛፍ ሥር ሣር እንደልብ እንደማይበቅል ገበሬው ጠንቅቆ ያውቃል፤ ቢሆንም ይተክለዋል፤ ገንዘብ ነውና።

ኮልፌ ቀራንዮ ለእንጨት ንግድ የተመቸ ሥፍራ ነው። ወደ አምቦ የሚወስደው መንገድ በአስኮ፣ ወደ ጅማ የሚወስደው ደግሞ በአየር ጤና በኩል ከከተማዋ ይወጣሉ። የሆለታና የአዲስ ዓለም አገር በመጀመሪያው፣ የወሊሶና የጉራጌ አገር በሁለተኛው መንገድ ላይ ይገኛሉ። ሁሉም ባሕር ዛፍ የሚተከልባቸው ናቸው።

አጠናው ከተራ ተገዝቶ ከመጣ በኋላ ሥራው የገጠሩን ሥርዓት የተከተለ ነበር። ቋሚው ተቆፍሮ ይተከላል፤ ማገሩ በአግድም ይመታል። ምስጥ እንዳይበላው ከመሬት በታች የሚገባው ጫፍ የተቃጠለ ዘይት ይቀባል ወይም በእሳት ይለበለባል። ጭቃው ከጤፍ ጭድ ጋር በእግር እየተረገጠ ይቦካና ለቀናት ይከርማል። ያልከረመ ጭቃ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። የምርጊቱ ቀን ጎረቤት በደቦ ይጠራል፤ ባለቤቱ ጠላና ንፍሮ ያቀርባል። ምርጊቱ ከደረቀ በኋላ ልስኑ ይከተላል፤ ይህ በአብዛኛው የሴቶች እጅ ሥራ ነበር። ደቦ ከተማ ሲገባ ይቀራል የሚሉ አሉ፤ በምዕራብ አዲስ አበባ ግን ብዙ የጭቃ ቤት የቆመው በደቦ ነው።

ወይራው በበኩሉ ከግድግዳ ቢወጣም ከጓዳ አልወጣም። የወተት ዕቃና የጠላ ጋን ዛሬም በወይራ ይታጠናል። ደኑን ለማየት የሚሻ ሰው ግን ከከተማ ወጥቶ በወጨጫ ተራራ ወዳለው የመናገሻ ሱባ ደን መሄድ ይኖርበታል። እዚያ ያለውን ጥድ በ15ኛው ክፍለ ዘመን ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ከወፍ ዋሻ ዘር አስመጥተው እንዳስተከሉት በአፈ ታሪክ ይነገራል።

አሁን ግንበኛው ብሎኬት ይደረድራል፤ አጠናውም በአብዛኛው ለሕንፃ መወጣጫ ሆኗል፤ በዚያም ቢሆን ብረት እየተካው ነው። ቋሚ መትከልና ጭቃ ማክረም የሚያውቁት ሰዎች በዕድሜ ገፍተዋል። የጭቃ ቤት ሲፈርስ ቆርቆሮው ለብቻ ተነጥሎ ይሸጣል፤ ከግድግዳው የሚወጣው አጠና ደግሞ ለማገዶ ይፈለጣል።